ድልድዩን ያላስደፈሩት ሻለቃ

ወዳጅ ዘመድ «ሻለቃ ድልድይ» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። እናታቸው ይሉ እንደነበረው ከሆነ፣ ወደዚህ ዓለም የመጡት ተከራክረው ነው።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ጨርሰው ከጦር ትምህርት ቤት ተመረቁ። በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ድንበር ተሻግረው ወደ አንዲት ትንሽ ግዛት ተላኩ። ግዛቲቱ ገለልተኛ ስለሆነች ሠራዊት የላትም፤ የሚወርራት ቢመጣ ግን መንግሥታችን ሊከላከልላት በውል ቃል ገብቷል። አባታችን ከጥቂት ወታደሮች ጋር ያንን ቃል እንዲጠብቁ ተሾሙ። ሥራ ስላልነበረ ወፈሩ።

በሁለተኛው ዓመት ግን የሌላ ጎረቤት አገር ጦር ወደ ግዛቲቱ መግቢያ ድልድይ ተመመ። አባታችን ወዲያው ለበላይ አለቃቸው ደወሉ። አለቃውም «ነገር አታካርር፣ ዞር በልላቸው» አሏቸው። አባታችን «አልሰማም፣ መስመሩ ይቆራረጣል!» ብለው ዘጉት። መስመሩ ኩልል ያለ እንደነበር እናታችን ይመሰክራሉ፤ ያገናኟቸው የስልክ ቤቱ ሠራተኛ እሳቸው ነበሩና።

አባታችን ሄደው ድልድዩ መሐል ቆሙ።

«ዞር በል፣ እኛ አቋርጠን ልናልፍ ብቻ ነው» አሉ የጦሩ ጄኔራል።

«ውሉ ማለፍንም ይከለክላል፣ ጌታዬ። በእኔ ላይ ቢተኩሱ የተኮሱት በመንግሥቴ ላይ ነው።»

«መንግሥትህ ይህን ያውቃል?»

«አሁን በስልክ ስንነጋገር ነበር።»

ጄኔራሉም ከትልቅ አገር ጋር ጦርነት እንዲገጥሙ አልታዘዙምና ትእዛዝ ሊጠይቁ ቆሙ። ይህን ጊዜ እናታችን ለሚያውቁት ጋዜጠኛ ሁሉ እየደወሉ «አንድ ሻለቃ ብቻውን ውል እያስከበረ ነው» ይሉ ነበር። ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ መንግሥታችን አፍሮ «በቃላችን ጸንተናል» አለ። ጦሩም ተመለሰ።

ለዚህ የተሸለሙትን ኒሻን ያጠለቁላቸው እኚያው አለቃ ነበሩ። ጠጋ ብለው «ያን ቀን መስመሩ ክፉ ነበር» ቢሏቸው፣ አባታችን «እጅግ!» አሉ።

በዚያው ዓመት ከእናታችን ጋር ተጋብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። እኛ ልጆች ስንጣላ አባታችን «እኔ ገለልተኛ ነኝ» ሲሉ፣ እናታችን «እዚህ ቤት ገለልተኛ የለም፣ ይፍረዱ!» ይሏቸው ነበር።

የልብ ሕመም ይዟቸው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በዚያች ግዛት ከዚያ ቀን ወዲህ የተወለደ ሁሉ ወረራን የሚያውቀው በመጽሐፍ ብቻ ነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም በማይደፍረው ሰላም ያሳርፍልን።