ፊትሽ ሳይደርቅ

አሰላ፣ ኅዳር 1981 ዓ.ም.

ውድ በዛብህ፣

አሰላ እንደምታውቃት ናት። የጭላሎ ንፋስ ዘንድሮም ጉንጭ ይልጣል፣ ሰዉም በደረቅ ፊቱ ላይ ቫዝሊን ይለቀልቃል። በምትሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ሆነህ ትስቅብን የነበረው በዚህ አልነበር? ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን ስጠኝ ብልህ፣ «ቅባት በር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ውሃ ከሌለ በሩን ብትዘጊው ምን ታስቀሪያለሽ?» አልከኝ። ከዚያ የጽጌረዳ ውሃ ላይ ጥቂት ግሊሰሪን ጠብ አድርገህ ሰጠኸኝ። «ፊትሽን ታጠቢና ሳይደርቅ ይህን ተቀቢ፤ ቫዝሊኑ ከላይ ይሁን።» መድኃኒት ልገዛ ሄጄ ባል ይዤ ተመለስኩ።

ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱህ ጉንጬን ዳብሰህ «ስመለስ እንዲሁ ለስልሶ ላግኘው» አልክ። እኔ ሞኟ ቃሉን ያዝኩ። ግሊሰሪን ከከተማው ሲጠፋ ያለችኝን በውሃ እያቀጠንኩ ተቀባሁ። ጎረቤታችን በቀለች «ባሏ ጦር ግንባር፣ እሷ መስታወት ፊት!» እያለች አማችኝ፤ አልተውኩም። ፊቴ ከለሰለሰ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ሁሴኖ መጣ፤ የዴራው፣ አብሮህ የተወሰደው። አንድ እጁ የለም። ፊቱ በበረሃ ፀሐይ ተልጦ ሳየው አላስችል አለኝ፤ የሚታጠብበት ውሃ አቀረብኩለት። ታጥቦ ፊቱን በጋቢው ሊያደርቅ ሲል «ኧረ ሳይደርቅ!» ብዬ ጮህኩና ከግሊሰሪኑ ጠርሙስ የቀረችውን መዳፉ ላይ አፈሰስኩለት።

ቀና ብሎ አየኝና እንባው ወረደ።

«ያ ረቢ! በዛብህም እንዲሁ ይለን ነበር» አለ። «እህቴ፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ። አፋቤት አጠገብ፤ ያኔ ሁለት እጅ ነበረኝ። ፊቱን ላጥበው ፈልጌ ነበር። ውሃ አልነበረንም፣ ጠብታ እንኳ።»

ከመሞትህ ይልቅ ሳይታጠብ አፈር የለበሰው ፊትህ አንጀቴን በላው። የስንቱን ፊት ከንፋስ ያዳንክ ሰው፣ ላንተ አንድ ጣሳ ውሃ ይጥፋ? እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ እሱንም ታዝቤዋለሁ።

ይህን የሚያደርስልኝ ፖስታ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። ብቻ ለማን ልንገረው?

ዛሬ ጠዋት ደጅ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ምንም ሳልቀባ፣ ወደ ጭላሎ ዞሬ እስኪደርቅ ቁጭ አልኩ።

ጉንጯን ላንተ ስትጠብቅ የኖረችው፣
አፀደ