ግንድ ላይ የተሰቀለው ጥሩር

ሰኔ 2፣ ሰኞ
የዱክትርና ጽሑፌን ካስረከብኩ ሳምንት ሆነኝ። ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ከሳንቲሞቹ ጋር ዋልኩ። ሌላ ምን ልሥራ? የጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲሞች ናቸው፤ ወንጌል ላይ ዲናር የሚባሉት። ባንዱ ፊት የንጉሡ ራስ፣ በሌላው ጦርነት። አንዱን ግን አይቼ አልጠግብም። ግንድ ላይ የተሰቀለ ጥሩር፣ የጦረኛ የብረት ልብስ፣ ከነራስ ቁሩ፣ ከሥሩ የፊጥኝ የታሰረ ምርኮኛ። ከጥፍሬ ያነሰ ሰው። አንገቱን የሚሰብረው ልክ እንደ ዱካሞ ነው። ወንድሜ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አለፈ...

የተማረከ ሰው በሕይወት አለ። እንዲህ እያልኩ ነው የማድረው።

ሰኔ 3
በአጉሊ መነጽር ደግሜ አየሁት። ዛሬ ቀና ያለ መሰለኝ። እያበድኩ ይሆን?

ሰኔ 5፣ ሐሙስ
አገር ቤት፣ ሆሳዕና ደወልኩ። እህቴ በለጥሽ አነሳች። እማዬን አገናኚኝ ስላት፣ "ገበያ ወጥታለች።" ማታ ምን ገበያ አለ? ከዚያ ደግሞ፣ "ብቻሽን ነሽ? ጎረቤት አለሽ?" ምን ነካት?

ሰኔ 6
ከታች ፎቅ ያለችው ፍሬገነት ደረጃ ላይ ያዘችኝ። "ነገ ጠዋት ቤት ነሽ አይደል? ቀድመሽ እንዳትወጪ።" ዓይኔን አላየችም። ገባኝ። አምና እዚሁ ዮቪል ሰፈር ላለች ያገራችን ሴት መርዶ ልንነግር ስንሄድ፣ እኔም እንዲሁ ነበር የጠየቅኳት። መርዶ ገና ሳይነጋ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ።

ካላገኙኝ አይነግሩኝም። ካልነገሩኝ ደግሞ...

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ
ጎህ ሳይቀድ ከሰፈሬ ከቤሪያ ወጣሁ። ታክሲ ተራው ጭር ብሎ ነበር፤ ፈራሁ። የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ በአገሩ ቋንቋ ሰላም ሲለኝ፣ "ሳዉቦና ሲሲ፣ ቅዳሜም ሥራ?" ብሎ ሳቀ። ስልኬን ዘጋሁ። ሳንቲሙን አወጣሁ።

ጥሩሩ ከሞተ ጠላት የተገፈፈ ነው። ይህን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ አንድ ምዕራፍ ሙሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምርኮኛውን ብቻ ሳይ የኖርኩት ለምንድን ነው? ግራና ቀኝ ጋሻ ተንጠልጥሎበት እንደ ሰው ቆሟል። ውስጡ ማንም የለም። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። እጄ ላይ ቀዘቀዘኝ፤ ወደ ቦታው መለስኩት።

ሰኔ 8፣ እሑድ
አልሸሸሁም። ሊፍቱ ስለተበላሸ ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የጋሽ አቢሶ ሳል... ከከተማ ወጣ ብሎ ዲፕስሉት ሰፈር ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። በሩ ላይ ቆመው ተንሾካሾኩ። ሳያንኳኩ ከፈትኩ።

ጋሽ አቢሶ ጸሎት ጀመሩ፤ መጨረስ አልቻሉም።

"ዱካሞ ነው?" አልኳቸው።

"አዎ፣ ልጄ።"

"መቼ?"

"መስከረም ላይ። እናትሽ፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብለው አደራ አሉን።"

መስከረም። ድንኳን ተጥሏል፣ ድንኳን ተነሥቷል። እማዬ ከል ለብሳለች፣ ከሏንም አውልቃለች። እኔ በደወልኩ ቁጥር "ዱካሞ ደወለ?" እላለሁ። "ገና ነው" ይሉኛል።

ከሰዓት በኋላ እማዬን አገናኙኝ። እኔ ስጮህ እሷ ረጋ ብላ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ትለኛለች። እነሱ አልቅሰው ጨርሰዋል። እኔ ዛሬ ጀመርኩ።