ሽማግሌዎቹ ዳገቱን ይውጡት

እሑድ፣ ጥቅምት ፲ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፤ ጉለሌ

የልጅ ልጄን የሰብለን እጮኝነት ያፈረሱት ሰዎች፣ ልጃቸው ከእርሷ ሌላ አላገባም ቢላቸው ዛሬ ሦስት ሽማግሌዎች ላኩብኝ። አምና የልጁ እናት እዚሁ ሳሎኔ ተቀምጣ፣ «የወር አበባዋ የተዛባ፣ አገጯ ጠጉር ያበቀለ፣ እርሷ ልትወልድልን ነው?» ብላ ነበር። ሐኪሙ ፒሲኦኤስ የሚባል የሆርሞን መዛባት መሆኑን ነግሮናል። የደም ስኳሯም ከፍ ብሎ ስለ ነበር በየቀኑ በእግሯ እንድትጓዝ አዘዛት። ከዚያ ወዲህ የቁስቋምን ዳገት ያልወጣችበት ማለዳ የለም።

በደንቡ መሠረት ሽማግሌ «ተቀመጡ» ሳይባል አይቀመጥም። እኔም አቆምኋቸው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«መምህር፣ ጉልበታችን ከዳን እኮ! ተቀመጡ አይሉንም?» አሉ አንደኛው።

«የሰብለ ጉልበት አልከዳትም። በሚቀጥለው እሑድ የልጁን እናት ይዛችሁ በማለዳ ኑ። ከእርሷ ጋር የቁስቋምን ዳገት በእግራችሁ ውጡ፤ መልሴን ከላይ እሰጣችኋለሁ» አልኋቸው። መልሴ እንቢታ መሆኑን ግን አልነገርኋቸውም።

እነርሱ እንደ ወጡ ሰብለ ላቧን እየጠረገች ገባች፤ የሆነውን ነገርኋት።

«አባባ፣ ክብደቴ ባይቀንስም ስኳሬ ወርዷል። የምወጣው ለራሴ ነው። የእኔን መድኃኒት የእነርሱ መቅጫ አያድርጉብኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሽማግሌዎቹን እንዳይመጡ ልነግራቸው ስልኩን አነሣሁ። ያቺ ሴት ዳገቱ መካከል ቆማ ስታለከልክ በዓይነ ኅሊናዬ ታየችኝ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥሁት።