ሳልፈርም የሰጠሁት ፈቃድ

ጥር 13፣ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬም ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ ደብተሬ። ሦስተኛ ቀኔ። የጠዋት ፈረቃዬን አስተምሬ፣ ጠመኔው ከእጄ ሳይለቅ፣ ባጃጅ ይዤ ፍ/ቤት። ሙቀቱ አይጣል። አሶሳ በጥር እንዲህ ከሆነች በመጋቢት ምን ልንሆን ነው?

ጉዳዩን አንዴ በደንብ ልንገርህ፣ ሁለተኛ አልደግመውም። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። እኔና እናቴ የምንኖርበት ቤት የእሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ሜትር ይዞ መጥቶ ግቢያችንን መለካት ጀመረ። ማነህ ብዬ ስጠይቀው ገዢ ነኝ አለኝ። ከማን? ከሙስጠፋ። ወንድሜ! ወደሚኖርበት ወደ ኩርሙክ ደወልኩለት። ቤቱ በፍርድ ቤት የእኔ ሆኗል፣ ወረቀት አለኝ፣ አለና ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አያነሳም። መቼ ተወሰነ? ማን ጠየቀ? እኔስ ያኔ የት ነበርኩ? ሰውዬው ውል የሚፈርሙት የካቲት አሥር ነው ብሎኛል። እስከዚያ መዝገቡን ካላገኘሁ ሜዳ ላይ ነን።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ጋሽ ይመር ይባላል። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶም ንግግሩ ወሎ ነው። መዝገብ ቁጥር አምጪ ይለኛል። ቁጥሩ ቢኖረኝ እዚህ መስኮት ስር ምን እሠራለሁ? አብሽሪ፣ አይዞሽ አለኝ። ማበሸሩ ለእሱ ቀላል ነው። ማመልከቻ ጻፊ፣ ከሟቹ ጋር ያለሽን ዝምድና ግለጪ፣ መታወቂያ አያይዢ፣ ዓመተ ምሕረቱን በግምትም ቢሆን አስቀምጪ። ጻፍኩ። ጽሑፌን አይቶ እንዴት ያምራል አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ይመርብኝ እንጂ!

ጥር 15፣ ዓርብ

አምስት ሰዓት ከሩብ ደረስኩ። ሊዘጉ ነው፣ ጁምዓ ነው። ጋሽ ይመር ግን ጠብቆኛል። በአባትሽ ስም፣ አጣሂር በሚል፣ ሦስቱን ዓመት አገላብጬ የለም አለ። ቆይ፣ ሙስጠፋ ዋሽቶ ይሆን? ደስ ብሎኝ መንገድ ስጀምር ጠርቶ መለሰኝ። ማውጫው ላይ የሚጻፈው የአመልካቹ ስም እንጂ የሟቹ አይደለም አለ፤ አሁን ነው ትዝ ያለው። እኔ ለአባቴ መዝገብ እያልኩ የሞተ ሰው ስም ስጠራ ሰነበትኩ። እሱም ሲፈልግልኝ። ሁለት ብልሆች!

ሰኞ በሙስጠፋ ስም እንጀምራለን።

ጥር 18፣ ሰኞ

አቧራው ደረቴ ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ይመር ማውጫውን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ አብረን እናነባለን። ሙስጠፋ፣ ሙስጠፋ፣ ሙስጠፋ። የመንጌ ሙስጠፋ፣ የባምባሲ ሙስጠፋ። የኔው ጉድ ብቻ የለም። ሌላውን ሳላነብ ማለፍ አልቻልኩም። ሚስት በባል ልጆች ላይ። ወንድማማች በወንድማማች። ሰው እንደተቀበረ አርባ ቀን እንኳ ያልጠበቁ አሉ። የኔ ቤት ብቻ አይደለም ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። አልሆነልኝም፣ የባሰ አናደደኝ።

ጋሽ ይመር ማውጫውን እየዘጋ አባትሽ ሙስሊም አልነበሩም እንዴ፣ ሸሪዓ ፍ/ቤት ጠይቀሻል ወይ? አለኝ። ሳቅኩበት። ቆሜ አስተማርኩት፤ ሸሪዓ ፍ/ቤት ባለጉዳዮቹ ሁሉ ካልፈቀዱ አያይም። እኔ ባለጉዳይ ነኝ። እኔ ፈቅጄ አላውቅም። ስለዚህ እዚያ ሊኖር አይችልም። አበቃ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሁን እሺ አለ። ሕግ አዋቂዋ ኮራ ብዬ ወጣሁ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

እናቴ ተቆጣችኝ። ወንድምሽን በወረቀት ታሳድጃለሽ ትለኛለች። ሰውዬው ግቢያችንን የለካው በሕልሜ ነው ወይ? አልኳት። ልጄ ቤቱን አይሸጥም፣ የሜትሩ ሰው ሌላ ጉዳይ ይኖረዋል ትላለች። በዚህ ዕድሜዋ ከእሷ ጋር አፍ መካፈት ያሳፍራል፤ እኔም ተካፈትኩ። ጎረቤት ሰምቷል።

አንድ ሳምንት አለፈ። መዝገብ የለም። ሙስጠፋ አያነሳም።

ጥር 25፣ ሰኞ

ተገኘ። ሸሪዓ ፍ/ቤት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አማራጭ ሳጣ ነው የሄድኩት። መዝገብ ያዡ፣ ሬጅስትራሩ፣ ወጣት ነው፣ ሥርዓት ያለው፤ መምህርት ብሎ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። የወንድሜን ስም እንደነገርኩት ከመደርደሪያው አወጣው። ስስ መዝገብ ነው። አባቴ ሙሉ ዕድሜውን ልብስ እየሰፋ የሠራው ቤት ከተማሪ ደብተር በሳሳ መዝገብ አለቀ።

አነበብኩ። አመልካች፦ ሙስጠፋ አጣሂር። ተጠሪዎች፦ እናቴና እኔ። ከዚያ ይቺን አየሁ፤ ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ፦ «ሁለተኛ ተጠሪ ሐዋ አጣሂር ቀርባ ጉዳዩ በዚህ ፍ/ቤት እንዲታይ ፈቅዳለች፤ የውርስ ድርሻዋንም ለወንድሟ ለቃለች። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ተነብቦላት አሻራዋን አኑራለች።»

ማንበብና መጻፍ ስለማትችል!

ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ። ሬጅስትራሩ ምን ሆንሽ አለ። ሐዋ አጣሂር እኔ ነኝ አልኩት። መታወቂያዬን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀላ። ያኔ እሱ እዚህ አልነበረም። ፊቷን የተሸፈነች ሴት ሐዋ ነኝ ካለች፣ ወንድሟም አዎ እህቴ ናት ካለ፣ ዳኞቹ ምን ይጠርጥሩ? አለኝ።

የግልባጭ ማመልከቻ እዚያው ጻፍኩ። በንዴት ስለቸኮልኩ ጽሑፌ የዚያችን መጻፍ የማትችል ሴት ጽሑፍ መሰለ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ግልባጩ በእጄ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት። የመጨረሻው ገጽ ላይ አሻራው አለ። ሰማያዊ። መሐሉን አንድ ነጭ መስመር አግድም ቆርጦታል። የሙስጠፋ ሚስት ናት አልኩ። ሌላ ማን ይሆናል? መንገዱን ሙሉ እሷን ስሰድብ መጣሁ። ያልተናገርኳት ነገር የለም፣ የባጃጁ ነጂ እንኳ ደጋግሞ እየዞረ አየኝ።

ሬጅስትራሩ ያለኝ ይህ ነው። መቃወሚያ አስገቢ። አሻራው የእኔ አይደለም በዪ። ለምርመራ አዲስ አበባ ይላካል። ሽያጩ በዕግድ ይቆማል። ግን እወቂ፣ ያ አሻራ የማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ ያኖረው ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ይጠየቅ! አልኩት። እሰይ! እሷም እሱም ይጠየቁ።

ያው ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

እናቴ በረንዳ ላይ ባሚያ ትከትፋለች፣ ለረመዳን ልታደርቅ። ግልባጩን ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ የምራቷን ጉድ ልነግራት ነበር። አፌን ስከፍት አውራ ጣቷን አየሁ። ልጅ ሆና ማጭድ የቆረጣት ቦታ። አግድም።

ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ጠየቅኳት። አልካደችም። ብትክድ ይሻለኝ ነበር።

ሙስጠፋ በባጃጅ ወሰዳት። ለራሷ አንድ ጊዜ አሻራ ሰጠች። በሌላ ቀጠሮ ደግሞ ሌላ ቶብ፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለለውን ልብስ፣ ለብሳ፣ ተሸፍና፣ ስምሽን ሲጠይቁሽ ሐዋ ነኝ በዪ አላት፤ አለች። በአማርኛ አነበቡላት፣ ግማሹ አልገባትም። የገባት፣ ቤቱ በሙስጠፋ ስም ሆኖ እሷ እስክትሞት እንደምትኖርበት ነው። እኔስ? አልኳት። እኔስ እማ? ቀና ብላ አየችኝ። አንቺ ደሞዝ አለሽ፣ ብዕር አለሽ፣ መንግሥት አለሽ፤ እሱ ከአባቱ ቤት ሌላ ምን አለው? አለችኝ። ስታስረዳኝ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም።

አባቴ ሲታመም ስድስት ወር ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። የሷን መድኃኒት በየወሩ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ያስተማሩኝ ሊወስዱብኝ ኖሯል! ሳልማር ብቀር ኖሮ ያዝኑልኝ ነበር?

ዛሬ አምስተኛ ክፍል ገብቼ ልጆቹን አንብቡ አልኳቸው። እኔ መስኮቱን ሳይ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

የካቲት 2፣ ሰኞ

መቃወሚያውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ካስገባሁት ቤቱ ይተርፋል፣ እናቴ ፖሊስ ፊት ትቆማለች። ካላስገባሁት የካቲት አሥር ላይ ይፈርማሉ። እስከ ፍ/ቤቱ በር ሄጄ ተመለስኩ። ሙስጠፋ ይህን ያውቃል። ያንን ጣት የመረጠው ለዚህ ነው፣ እንደማልነካው አውቆ። በዚህ በኩል ጎበዝ ነው ወንድሜ።

አልከስም። ወሰንኩ። ከት/ቤቱ ጀርባ ሁለት ክፍል ይከራያል፤ እናቴን ይዤ እወጣለሁ። ለሷ ግን አልነገርኳትም። ልነግራት ስል አፌ ይታሰራል፣ ገና በዓይኔ ሳያት ደሜ ይፈላል። የምወዳትን ያህል ጠላኋት ብልህ ትታዘበኛለህ?

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ሙስጠፋ መጣ። ከገዢው ጋር። ከት/ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ እናቴ ሻይ አቅርባላቸዋለች። ገዢው ጨዋ ሰው ነው፣ ምንም አያውቅም። ለእናቴ አክብሮት ብሎ፣ ለእኛም እንዲቀልለን ብሎ፣ ዕቃችሁን ለማውጣት እስከ ወሩ መጨረሻ አልቸኩልም አላት። እናቴ በእኛው ቋንቋ በበርታኛ ሙስጠፋን ምን አለ? ብላ ጠየቀችው። ምንም፣ ቤቱ ያምራል እያለ ነው አላት። እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ! ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ከእኔ እንደምትፈልግ ገባኝ። ገዢው ያለውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። የሙስጠፋ ገና አልተጋመሰም ነበር፣ ወሰደችበት። እማ፣ ኩርሙክ እኔ ጋር ትኖሪያለሽ አላት። ብርጭቆዎቹን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ተነሥተው ሄዱ።

ያው ቀን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

አሁን ክፍሌ መጥታ ነበር። በሬን አንኳኩታ አታውቅም፣ ዛሬ አንኳኳች። ያንን ወረቀት አስገቢው አለችኝ። ሊያስሩሽ ይችላሉ አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ የት እሄዳለሁ፣ ይሰሩኝ አለች። እኔው ራሴ ጣቴ ነው እላለሁ። ግን ባለፈው በማላውቀው አማርኛ አነበቡልኝ፤ አሁን በበርታኛ ይጠይቁኝ፣ ለምን እንዳደረግኩት ሁሉንም እናገራለሁ አለች። ይቅርታ አላለችኝም። ጠበቅኩ። አላለችም። በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል አብረን እንሄዳለን። ርእሰ መምህሩን አስፈቅጃለሁ። መቃወሚያውን አስገባለሁ፣ ከሥሩ በእጅ ጽሑፌ እፈርማለሁ። አስተርጓሚ ይመደብልን ብዬም አመለክታለሁ። ልጇ እያለሽ ለምን ይሉኛል። ይበሉኝ። እኔ አላስተረጉምላትም። ለምን እንዳደረገችው የምትናገረውን በራሴ አፍ መድገም አልችልም። ከሌላ ሰው አፍ ልስማው።