ከኋላዎ ቆማ ራሷን ከነቀነቀችው ሴት

ለክቡር የወረርሽኝ መከላከል ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ፤ በተለይ ለጉሮሮዎ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ምሽት ምሽት በቴሌቪዥን ብቅ እያሉ ስለ እኛ ሲያደክሙት ኖረዋልና። እኔ ደህና ነኝ። ቤቴም ጸጥ ያለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም መጥቶ ስላላስቸገረኝ የበሩ ደወል ይሥራ አይሥራ እንኳ አላውቅም።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ከቀኝ ትከሻዎ ኋላ ነጭ ገዋን ለብሼ እቆም የነበርሁት የቫይረስ ተመራማሪ ነኝ። በስሜ ጠርተውኝ ስለማያውቁ ሕዝቡ ራሱ ስም አውጥቶልኛል፤ “እሺ ባይዋ” እባላለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ የላከልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። በመጪው ዓርብ ለሳይንስ ምስጋና በሚቀርብበት ዝግጅት ላይ እንደ ወትሮዬ ከኋላዎ እንድቆም ይጋብዘኛል። ስለተሰጠኝ ክብር እያመሰገንሁ፣ ከመምጣቴ በፊት ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ በሽታው ከሁሉ በላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአየር እንደሚተላለፍ፣ ቀብር ግን ሜዳ ላይ ስለሆነ ሰው ተራርቆ ቢቆም ሟቹን ሊሸኝ እንደሚችል፣ የቀረውን ደግሞ ገና እንደማናውቅ አስረድቼ ነበር። እርስዎም በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ አናውቅም የሚል ቃል ሕዝብ ያሸብራል ብለው መከሩኝ። ስለ ምክርዎ እስከ ዛሬ ባለ ዕዳ ነኝ። ምክሩን የለገሱኝ፣ ነፋስ የማይክሮፎኑን ድምፅ ያበላሻል ተብሎ መስኮቱ ሁሉ በተዘጋበት አዳራሽ ውስጥ፣ ጭምብልዎን አገጭዎ ላይ አውርደው እንደነበር የማነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ በዚያው ዕለት ምሽት ማንም ሰው ቀብር እንዳይሸኝ መከልከሉን አወጁ፤ አስከትለውም ይህን ያለው ሳይንስ እንጂ እኛ አይደለንም አሉ። ከኋላዎ ከእኔ ሌላ ሳይንስ አልነበረም። እኔም አገር እያየኝ ራሴን ከላይ ወደ ታች ነቀነቅሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። በላቦራቶሪያችን ከራስ እስከ እግር ተሸፋፍነን ስንሠራ የአየር ማጣሪያው ጩኸት አያነጋግርም። ስለዚህ አንዱ የናሙናውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ሰምቻለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው፤ ልክ ነህ ማለት አይደለም። ልማዱ ከዓመታት በኋላ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ዛሬም የአየር ትንበያ ሲነበብ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። አገሩ ሁሉ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ አልሠራምና አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፦ ከአዋጅዎ ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ሞተ። በሽታው እንኳ አልነበረም፣ ልቡ ነው። መከላከያ ልብስ የለበሱ የማናውቃቸው ሰዎች ቀበሩት። ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየ፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። ማታ ስደውልለት አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ “ራስሽን ነቅንቀሽ አባቴን ያለ ሰው አስቀበርሽው” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም። በሰው ላክሁበት፣ ጻፍሁለት፣ መልስ የለም። ባልዋልሁበት እንዳዋሉኝ እንዴት ላስረዳው? በዓይኑ ነው ያየኝ።

ክልከላው ሲወደድ የአመራርዎ ቆራጥነት፣ ሲጠላ የባለሙያዎች ስሕተት መባሉን በቅሬታ አልቆጥረውም፤ ሥራ መከፋፈል ያለ ነገር ነው። እንዲያውም አንድ ውለታ ሠርቻለሁ። በሽታውን ፈጥራ አወራች የሚሉኝና ሰው አስጨረሰች የሚሉኝ ወገኖች በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሲሆኑ፣ በእኔ ላይ ግን ፍጹም ተስማምተዋል። ጉዞ ስትሄድ ቁልፏን እኔ ዘንድ ታስቀምጥ የነበረችው ጎረቤቴ ዛሬ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ ስልኳን ትመለከታለች፤ ስልኩ ብዙ ጊዜ የጠፋ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኑሮ ለምርምር ይመቻል ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ብቸኝነቱ ከብዶኛል፤ ወንድሜም ናፍቆኛል።

የፊታችን እሑድ ወንድም ጋሼ ዘመዱን ሁሉ ሰብስቦ ለአባታችን የመቃብር ድንጋይ ያቆማል። የሰማሁት ከሩቅ ዘመድ ነው፤ አልተጠራሁም። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓርብ ዕለት በዚያ መድረክ ላይ፣ ቀብር ይከልከል ያልነው እኛ ነን፣ እሷ ይሸኝ ብላ ነበር ይበሉልኝ። ወንድሜ የእኔን ቃል ባያምን የእርስዎን ያምናል፤ ያን ጊዜም ያመነው እርስዎን ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ከዚያ ሁሉ ካሜራ የምከለልበትን ትከሻዎንም ስላዋሱኝ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ ሹመት በሹመት ላይ እንዲጨመርልዎ የምመኝ፣

ሁልጊዜ ከኋላዎ የቆምሁ፣ አንድ ጊዜም ዞረው ያላዩኝ፣
አክባሪዎ የቫይረስ ተመራማሪዋ

የተረሳ ነገር፦ ጥሪውን ተቀብያለሁ፣ ዓርብ ከቦታዬ አልጠፋም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ካልተናገሯት ግን፣ ሳይንስ የሚለውን ቃል ባነሡ ቁጥር ራሴን ከግራ ወደ ቀኝ እነቀንቃለሁ። ለአንገቴ እንግዳ ስለሆነበት መስተዋት ፊት ቆሜ ስለማመድ ሰንብቻለሁ። አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይባላል፤ እርስዎ ግን አይቸገሩ፣ ዞረው ባያዩኝም ግድ የለም። ወንድም ጋሼ ዜና አያመልጠውም።