የካሆኪያ ዋስ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

ዝናብ። መብራት ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት መጣ። ጓሮ ያለውን ጎመን ውሃ መታው።

ሊቺ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ዋለች። የልጄ የኩመራ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትማር እኔ ቤት ገባች፤ ተመርቃም አልወጣች። አሁን አዲስ አበባ ያለ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ለሙከራ ቀጥሯታል። ድርጅቱን በዓይኗ አይታው አታውቅም። እሱም አላያትም። ሥራ ይሉታል...

"ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት።

"ሕዝብ እየመረጥኩ።"

እኔ የማውቀው ሕዝብ ሲመርጥ ነው። ሕዝብ ሲመረጥ አሁን ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው አለችኝ። የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ይይዛል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ የጎረቤቱን ያፈርሳል። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አዝቴክ፣ ማያና ኢንካ ድሮ ገብተዋል። የእነሱ ድርጅት ሌሎች ሁለት ሊጨምር ነው። የትኞቹ እንደሚገቡ አጥንታ የምታቀርበው ሊቺ ናት። መቱ ተቀምጣ።

ለኩመራ ደወልኩለት። እዚያው እሱ ያለበት ኡካ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ቦታ ፈልግላት አልኩት። ጡረታ ያለው ሥራ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ኩመራ ቦታ አገኘ። መዝገብ ቤት፤ ከሐምሌ ጀምሮ። ሊቺን አስቀምጠን በስልክ ተነጋገርን። ድርጅቱ በሰኔ ቋሚ ካደረጋት ትቀራለች። ካላደረጋት ኡካ።

"ቶሌ" አለች። እሺ ማለቷ ነው። እሺ ግን አልመሰለኝም።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ሊቺ የመረጠቻቸውን ሕዝቦች ያተመችበትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወጣች። አላነብም ብዬ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት፤ የመምህር ልማድ።

ላባ የሰካ ሰው በአሥራ ሁለት መቶ ግድም በፈረስ ሜዳውን ያቋርጣል! በማን ፈረስ? ፈረስ ወደዚያ አገር የገባው ከስፔኖች ጋር ነው፤ ከዚያ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ። ይህ ሰውዬ ምን ላይ ነው የተቀመጠው?

ስትመለስ ቀዩን አየች።

"አኮ፣ አላነብም ብለሽ አልነበር?" አያቷን አኮ ነው የምትለው፣ በኦሮምኛ።

"አላነበብኩም። አረምኩ እንጂ።"

"ተጫዋቾች በኢንተርኔት ድምፅ ሰጥተው ነው። አብዛኛው ሰው የፈለገው ፈረሰኛውን ነው።"

"እንግዲያው ፈረሱ በድምፅ ብልጫ ተወለደ በይኛ።"

ሳቀች፤ ግን ቶሎ ተወችው። አለቃዋም ፈረሰኛውን ነው የሚፈልገው። ግርጌው ላይ "እንደገና ይሠራ" ብዬ ጻፍኩ። ማን ጻፊ አለኝ?

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ስኳር ልገዛ ነዚፍ ሱቅ ሄጄ ተያዝኩ። ነዚፍ ጎረቤቴ ነው። ልጆቹን ለአቅመ ትምህርት አድርሶ ራሱ ይህን ጨዋታ ይጫወታል፤ ከሊቺ ጋር የሚያግባባቸውም ጨዋታው ነው።

"እትዬ ወርቅውሃ፣ ፈረሴን ቀሙኝ አሉ።"

"እኔ አልቀማሁህም። አልነበረህም።"

"ያለ ፈረስ በምን ሊዋጋ ነው ታዲያ?"

"በእግሩ። አንተስ ዱቤ በልቶ የጠፋብህን የምታሳድደው በፈረስ ነው?"

ሱቁ ውስጥ የቆሙት ሁሉ ሳቁበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። "ቀልዱን ትተን፣ ይቺ ልጅ በእርስዎ እርማት ሥራዋን ታጣለች። አለቃ የሚወደው ሰው የወደደውን ነው።"

ብታጣ ኡካ ትሄዳለች። ኡካ ብትሄድ እኔ ያልኩት ሆነ። ታዲያ ስኳሩን ረስቼ የመጣሁት ለምንድን ነው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ሊቺ አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች። አሁን በእጇ ሰጠችኝ፤ ከቀይ እስክሪብቶው ጋር። ነገር ገብቷታል።

ፈረሰኛው ወጥቷል። ማፑቼ የሚባሉ አሉ፣ የኢንካን ጦር ወንዝ ላይ ያቆሙ። ሙይስካ፣ ጨውና ወርቅ ያላቸው ደገኞች። ፑሬፔቻ፣ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ መዳብ አንጣሪዎች፤ አዝቴኮች ወረዷቸውና ተሸንፈው ተመለሱ። እነዚህን ወደድኳቸው። ለሊቺ ግን አልነገርኳትም፤ ተማሪ ሲመሰገን ይሰንፋል።

የመጨረሻዎቹ የካሆኪያ ሰዎች። በትልቅ ወንዝ አጠገብ፣ አፈር በቅርጫት እየተሸከሙ ኮረብታ የሚያህል መደብ የሠሩ፤ በቆሎ አራሾች። በቆሎ... እዚህ ኢሉባቦር ሰው በክረምት ምን በልቶ እንደሚያድር እኔ አውቃለሁ። እህሉ ከእነዚያ አገር መምጣቱን ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። ሰዎቹን ግን አትላሴ አያውቃቸውም። ቦታው ላይ አረንጓዴ ቀለም ብቻ።

"ራሳቸውን ማን ነን ይሉ ነበር?"

"አይታወቅም። ካሆኪያ የሚለው ከእነሱ በኋላ እዚያ የኖሩ የሌሎች ሰዎች ስም ነው።"

"ቋንቋቸውስ?"

"እሱም በእርግጥ አይታወቅም።"

ጨዋታው ውስጥ ወታደሩ ሲታዘዝ በቋንቋው መልስ ይሰጣል አሉ። "እነዚህ ምን ሊሉ ነው?" አልኩ።

"ዝም ይላሉ፣ አኮ።"

ስሙን የማያውቁት ሕዝብ አይመዘገብም አልኩ። ሰረዝኳቸው።

እሑድ፣ ግንቦት 18

እድር። ዘግይቼ ደረስኩና ዳኛችን ዘውደነሽ ቀጣችኝ። በጉባኤ ፊት። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ መሆኔን እያወቀች።

ዘውደነሽ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ከመጡት ናት። እድር ልግባ ስትል ማን ያውቃታል ተባለ። እድራችን ያለ ዋስ ሰው አያስገባም። አዲሱ ሰው ለቅሶ ቢቀር፣ ቢያጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተነስቶ "እኔ" አለ።

"ታውቃታለህ?" አሉት።

"አላውቃትም። የሚታወቅ ሰው ዋስ ምን ያደርግለታል?"

ያን ቀን ቤት ስንገባ ተቆጥቼዋለሁ። ይኸው ዛሬ ዳኛ ሆና ትቀጣኛለች። ትክክል ነች፤ ዘግይቻለሁ።

ለሊቺ እያማረርኩ አወራኋት። የዘውደነሽን ክፉነት ትታ ስለ ዋሱ ትጠይቀኝ ጀመር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 22

ዛሬ ሊቺ ከድርጅቱ ሰዎች ጋር በኮምፒውተር ስብሰባ ነበራት። እኔ ከጎኗ ምስር እለቅም ነበር፤ አልታይም። አለቃዋ ኢርሻድ የሚባል ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

"ሊቺ፣ ድምፁ ፈረሰኛው ነው ያለው። ምን ይሁን ነው የምትይው?"

"ፈረሰኛው ይግባ። ግን ዋስ ይጥራ።"

"ምን ይጥራ?"

የእድሩን ደንብ ነገረችው። ለሚገባው ሕዝብ አንድ ሰው ይቁምለት፤ ስሙ ጨዋታው ላይ ይጻፍ፤ ተጫዋች "ይህ ስህተት ነው" ቢል የሚመልሰው እሱ ይሁን። ኢርሻድ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ "ይህ ነገር ይወራል" አለ። መወራቱን ነው የወደደው።

"እሺ፣ ለፈረሰኛው ማን ይቆማል?"

ማንም። ድምፅ በሰጡ ጊዜ ብዙ ነበሩ። አንዱ ልጅ ኔትወርክ አስቸገረኝ ብሎ ከስብሰባው ጠፋ። ሊቺ ነዚፍን ቀደም ብላ ጠይቃው ነበር አሉ፤ "እትዬ ፊት ለፈረስ ዋስ ልሁን? ሱቄን ዘግቼ ጎሬ እገባለሁ እንጂ" ብሏታል።

ሊቺ ለፑሬፔቻ ቆመች። ለማፑቼም ለሙይስካም አንድ አንድ ሰው አቅማማ፤ ሁለቱም ተውት። "ካሆኪያስ?" አለች። እኔ የሰረዝኳቸውን መልሳ አስገብታቸዋለች!

"እኔ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴው ነው።

"ማን ናቸው?" አለ ኢርሻድ።

"አያቴ ናቸው። የታሪክ መምህርት ነበሩ።"

"እትዬ፣ ሕዝቡን ያውቁታል?"

"አላውቀውም" አልኩ። "ለዚያ ነው ዋስ የሚያስፈልገው።"

የባለቤቴን ነገር ነው የደገምኩት። እሱ ቢሰማኝ ስንት ዓመት ይስቅብኝ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 25

ኩመራ ሰምቶ ደወለ። "እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ዋስ ሁኚኝ ስልሽ እምቢ ብለሽ፣ ከሞቱ ስንት ዘመን ላለፋቸው ሰዎች ሆንሽ?"

"እነሱ አያሳፍሩኝም" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

የካሆኪያ ወታደር ሲታዘዝ ምን ይበል? ከኢርሻድ ዘንድ ያሉት አንድ ቋንቋ ፈጥረን እናናግረው አሉ። አይሆንም አልኩ። ያልተናገረውን አፉ ውስጥ አንጨምርም። ሊቺ አሰበች፣ አሰበችና "የቅርጫት አፈር ሲደፋ የሚሰማው ድምፅ ይሁን" አለች። ቆንጆ ነው። አሁንም አልነገርኳትም።

ጓሮ ወጥተን አፈር በቅርጫት እየደፋን በስልኳ ቀዳን። ነዚፍ ከአጥሩ በላይ አየን። "ሰላም ነው? ምን ልትቀብሩ ነው?"

የቀዳነውን ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ። ዝናብ የነካው ስለሆነ ድምፁ ጭቃ ነው፣ አፈር አይደለም። ደረቅ አፈር ይጠበቅ አልኩ። በሰኔ። በመቱ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ገና አልደረቀም። ሊቺ አፈሩን ምድጃ ዳር አስጥታለች። ከአዲስ አበባ መልእክት ይመጣል፤ አንብባ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች።

"ምን ይላሉ?"

"ቶሎ በሉ ይላሉ።"

"ቶሎና ትክክል አብረው አይሄዱም" አልኳት። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

ኢርሻድ ደወለ። ሊቺ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሁለቱም ሕዝቦች ገብተዋል። የዋሶቹ ስም ወጥቶ ሰው ወዶታል። በመጨረሻ ደርቆ የላክነውን የአፈር ድምፅ ሰምቶ ያለቀሰ አለ አለ፤ እንግዲህ እሱ ያውቃል።

"አንቺን ግን ቋሚ ማድረግ አልቻልንም፣ ሊቺ። ምርጫሽ ድንቅ ነው። ሥራሽ ዘገየ።"

ምርጫውን ወስደው መራጯን ተዉ።

ማን እንዳዘገያት አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ስልኩን ዘግታ "ሻይ ላፍላልሽ?" አለችኝ፤ ከዚህ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ደውዪለት" አልኳት። "ዋስነቴን አንስቻለሁ በይው። ዋስ ከወጣ ያስገባው ሰው ይታገዳል። ደንብ ነው። ያን ጊዜ ለምኖ ይመልስሻል።"

"ተዪ፣ አኮ።"

"ለምን?"

"የካሆኪያ ሰዎች ምን አጠፉ?"

ሻዩን እኔ ጣድኩት።

ሰኞ፣ ሰኔ 24

ሰው የለመነውን ሲያገኝ ደስ ይለዋል ይባላል። ለኩመራ ቦታ ፈልግላት ያልኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 29

ኩመራ በጠዋት ደረሰ። ጃንጥላውን ሳያጥፍ "ዕቃዋን አዘጋጀች?" አለ።

"አትሄድም" አልኩት።

"ቦታ ፈልግላት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ተሳስቻለሁ በያ።"

"አልተሳሳትኩም። ያኔ ትክክል ነበር።"

ኃላፊውን እንዴት ደጅ እንደጠና ተረከልኝ። እዚሁ ሆና ሌላ ድርጅት ትጠይቅ አልኩት። እሱ ጡረታ አለ። እኔ አእምሮ አልኩ። እሱ፣ "ጡረታ ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ!" እኔ፣ "ስትማር መቼ ሰማኸኝ?" ሁለታችንም ቆመናል። የጃንጥላው ውሃ ምንጣፌ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱን እንኳ አልተናገርኩም።

ሊቺ በሩ ላይ ነበረች። ከመቼ ጀምሮ?

"ጨረሳችሁ?" አለች። "እኔ ካሆኪያ አይደለሁም። አለሁ። ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ።"

ኩመራ እኔን አየኝ። እኔ እሱን። ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄ ሳወጣ የኖርኩ ሴት... ይህን አንድ ጥያቄ ግን አንድ ቀን አላወጣሁትም።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"ኡካ እሄዳለሁ።" ኩመራ ፈገግ ማለት ሲጀምር ቀጠለች። "ቀን መዝገብ ቤት። ከሥራ ስወጣ የራሴን ጨዋታ እሠራለሁ፤ የማንም ያልሆነ፣ ከመጀመሪያው የኔ። አባዬ፣ በር አታንኳኳም። ሲያልቅ መዝገብ ቤቱን እተዋለሁ፤ ያን ቀን እንዳትጣሉ።"

"ኤዬ" አለ ኩመራ። እሱ በኦሮምኛ እሺ ካለ እውነቱን ነው።

የማን ታሪክ እንደሚሆን አልነገረችንም። እነማን እንደሚገቡበት ልጠቁማት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጥሩ ጥሩ ሰዎች አሉኝ፤ ሶር ፏፏቴ አካባቢ ያሉትን ብቻ ብትወስድ... ዋጥኩት።

በምሳ ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከመስኮቱ እጇን አወዛወዘች። ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

ቤቱ ፀጥ አለ። ዛሬ ለማንም ምንም ሳልመርጥ ዋልኩ። ከባድ ነው። ለራቴ ምን እንደምሠራ እንኳ እስካሁን አልወሰንኩም።