የመታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ

ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ፤ እኛስ ሁላችንም ደህና ነን።

እህትህ የሥነ ልቦና አማካሪዋ ጋ ብቻዋን መሄድ ትታለች፤ አሁን ቤተሰቡ በሙሉ ነው የምንሄደው። ብቻዋን ሳለች የራሷን ሐሳብ ብቻ ነበር «ማስረጃው ምንድን ነው?» እየተባለች የምትፈትሸው። አሁን ተራው የሁላችን ሆነ። አማካሪዋ «በር ዘግታ ስትቆይ ምን ይታሰባችኋል?» አለችን። አባትህ «ንቃኛለች» አለ፤ ማስረጃ ሲጠየቅ ግን፣ ታውቀው የለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ «ምንም፤ ደክሟት ይሆናል እላለሁ» አልኩ።

እህትህ ቀና አለች። «ታዲያ እማዬ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ ለምን ነቀልሽው?»

«ዝጎ ነዋ!» ብዬ ተቆጣሁ።

ቤት ስንገባ አባትህ ብሎን መፍቻውን ይዞ «ልመልሰው?» አለኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ዝገቱን ላስለቅቅ» አልኩት። ያንኑ መቀርቀሪያ ባለፈው ወር አዲስ ገዝቶ የገጠመው እሱ ራሱ ነው። ግን መፍቻውን መልሶ አስቀመጠው።

ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ፣ ልጄ። ስትደውል ከእኔ በፊት እሷን አነጋግራት። ካላነሳች ግን፣ አንተ ሥራ ላይ ብትሆንም፣ ያኔውኑ ለእኔ ደውል።

እናትህ